ፍሪሲዮን ለምን ይንሸራተታል? ለምንስ ይቃጠላል?

የሕዝብ ማመላለሻ ወይም የጭነት ተሽከርካሪ ገዝቶ ገበያ ውስጥ የሚገባ ባለሀብት ወጪውን ሲያሰላ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ነዳጅን፣ ጎማን፣ የሞተር ዘይትንና የሾፌርና የረዳት ክፍያን ነው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ተሽከርካሪውን ከነጭነቱ ዳገት ላይ የሚያስቀር ሌላ ዕዳ አለ። ይኸውም የፍሪሲዮን መንሸራተትና መቃጠል ነው።

ጉዳዩ የመካኒኮች ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ አስቀድሞ የገባው በእጅ ማርሽ የሚነዳ ተሽከርካሪ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል የሚጠበቅ ሀብት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው ጨምሯል። ስለዚህ ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ነጋዴም ሆነ የሚያገበያይ ደላላ ስለ ፍሪሲዮን ማወቁ ከኪሳራ ያድነዋል።

የፍሪሲዮን ሥራ

ሞተር አንዴ ከተነሣ መዞሩን አያቆምም። በሚኒሞ ላይ ሆኖ እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ይዞራል። ጎማው ግን ቆሞ ሊሆን ይችላል። የሚዞረውን ሞተር ከቆመው ጎማ ጋር የሚያስማማው ፍሪሲዮን ነው። በሁለት ተገበያዮች መካከል እንደሚቆም ደላላ ሁሉ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል፤ ሲያስፈልግም ያለያያል።

የዕቃው አሠራር ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት ክብ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል። በቮላኖው ላይ የታሰረው ስፒንጂዲስኮ በውስጡ ባለው ጠንካራ ሞላ አማካይነት ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ዲስኩ በሁለቱም ገጹ ሻካራ ሽፋን ያለው ሲሆን ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሬጂስፒንታው የሞላውን ጣቶች ይገፋል፤ ጫናው ከዲስኩ ላይ ይነሣል፤ ሞተሩና ካምቢዮውም ይለያያሉ። እግሩን ሲያነሣ ሞላው ዲስኩን መልሶ ያጣብቀዋል።

ከዚህ የምንረዳው ፍሪሲዮን ኃይል የሚያስተላልፈው በጥርስ ተያይዞ ሳይሆን በሰበቃ ብቻ መሆኑን ነው። ጫናው ወይም የሽፋኑ ሻካራነት ሲጎድል ዲስኩ መንሸራተት ይጀምራል።

የመያዝ አቅሙ እንዴት ይሰላል?

የአንድ ፍሪሲዮን የመያዝ አቅም በአራት ነገሮች ብዜት ይወሰናል። እነርሱም የሞላው ጫና፣ የሽፋኑ የሰበቃ መጠን፣ የዲስኩ አማካይ ስፋት (ከመሐሉ እስከ ሽፋኑ ወገብ ያለው ርቀት) እና የሚሳሙት ገጾች ብዛት ናቸው። ባለ አንድ ዲስክ ፍሪሲዮን ሁለት ገጾች አሉት።

ለምሳሌ የዲስኩ ሽፋን የውጭ ወርድ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የውስጡ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቤት መኪና ይወሰድ። አማካይ ርቀቱ 8 ነጥብ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሞላው ጫና 4 ሺህ ኒውተን፣ ይኸውም 400 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት፣ የሰበቃው መጠን ደግሞ 0 ነጥብ 3 ቢሆን ፍሪሲዮኑ እስከ 198 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ይይዛል። ሞተሩ ቢበዛ 140 ኒውተን ሜትር የሚያመነጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ከሚያስፈልገው 1 ነጥብ 4 እጥፍ አቅም አለው ማለት ነው። ፋብሪካዎች ለአነስተኛ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ነጥብ 2 እስከ 1 ነጥብ 5 እጥፍ የሚደርስ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ ይተዋሉ።

ይህ መጠባበቂያ እንደ ነጋዴ የመጠባበቂያ ገንዘብ ነው፤ ሲኖር አይታይም፣ ሲያልቅ ግን ወዲያው ይታወቃል። ከላይ በተጠቀሰው መኪና በሙቀት ምክንያት የሰበቃው መጠን ከ0 ነጥብ 3 ወደ 0 ነጥብ 2 ቢወርድ አቅሙ 132 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ከሞተሩ ጉልበት ያነሰ በመሆኑ ሾፌሩ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረግጥ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዘይት ነክቶት የሰበቃው መጠን 0 ነጥብ 1 ቢደርስ ደግሞ አቅሙ 66 ኒውተን ሜትር ብቻ ይሆናል፤ መኪናው መካከለኛ ዳገት መውጣትም ይሳነዋል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ቮላኖውና ዲስኩ እኩል ሲዞሩ በመካከላቸው ሰበቃ የለም፤ ሙቀትም የለም። ሙቀት የሚፈጠረው አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ሲዞር ብቻ ነው። መጠኑም የሚተላለፈው የማዞር ኃይል በዙር ልዩነታቸው ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

በመሆኑም በእያንዳንዱ መነሣት ላይ ሙቀት መፈጠሩ የማይቀር ነው። ሞተሩ ዙሩን ሳይቀንስ መኪናውን ከቆመበት እስኪያስነሣ ድረስ ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ ግማሹ ፍሪሲዮኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ደላላው ኮሚሲዮኑን የሚወስደው በሙቀት ነው ማለት ይቻላል። በሜዳ ላይ በቀስታ የሚነሣ የቤት መኪና ግን ብረቱን ከአንድና ከሁለት ዲግሪ በላይ አያግለውም። ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲሄድም ይበርዳል።

ችግሩ የሚመጣው አነዳዱ ሲከፋ ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች በተለይ ተጠያቂ ናቸው።

አንደኛው በከፍተኛ ዙር መነሣት ነው። በአንድ መነሣት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ በ1 ሺህ 500 ዙር ፈንታ በ3 ሺህ ዙር ተንሸራቶ እንዲይዝ የሚያደርግ ሾፌር አንዴ በተነሣ ቁጥር የአራት ጊዜ መነሣት ሙቀት ይፈጥራል።

ሁለተኛው ከፍ ባለ ማርሽ መነሣት ነው። አንዳንድ ሾፌሮች ማርሽ ለመቀየር እየታከቱ በሁለተኛ ማርሽ ይነሣሉ። የአንደኛ ማርሽ ንጽጽር 3 ነጥብ 6፣ የሁለተኛው 2 ነጥብ 1 በሆነ መኪና ላይ ይህ ልማድ በተመሳሳይ ዙር የሚፈጠረውን ሙቀት ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ሙቀቱ ከሚጎተተው ክብደት ጋር እኩል ያድጋል። ትርፍ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ከመጠን በላይ የተሞላ ፒካፕ፣ ሌላ መኪና የሚጎትት ተሽከርካሪ ሁሉም ይህን ሒሳብ ይከፍላሉ።

ሦስቱ በአንድነት ሲመጡ ውጤቱ ይባባሳል። ትርፍ ጭኖ፣ ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ የሚነሣ ሾፌር የወራትን ዕድሜ በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል።

ዳገት ላይ በባላንስ መቆም

በአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ በሚበዛባቸው ዳገቶች ላይ ብዙ ሾፌሮች የእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው፣ በተለምዶ ባላንስ በሚባለው ሁኔታ መኪናውን አንጠልጥለው ያቆማሉ። መኪናው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለማይሄድ ሾፌሩ ምንም ወጪ ያለው አይመስለውም። በሒሳብ ሲታይ ግን ከሁሉም አነዳድ ይህ እጅግ አባካኙ ነው። ጎማው ስለቆመ ሞተሩ በዚያ ፍሪሲዮን በኩል የሚያስተላልፈው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ይሆናል።

ሰው የጫነና በጠቅላላው 2 ሺህ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በባላንስ ቆሟል እንበል። ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 2 ሺህ 750 ኒውተን ያህል ነው። ይህ በጎማው ስፋትና በአንደኛ ማርሽ ተከፋፍሎ ፍሪሲዮኑ ጋ ሲደርስ ወደ 54 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 1 ሺህ 500 ዙር የሚዞር ከሆነ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ8 ኪሎ ዋት በላይ ነው። ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲጣዱ ከሚሰጡት ሙቀት ይበልጣል። ልዩነቱ እዚህ ምጣዶቹ የተጣዱት በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ መሆኑ ነው።

ሙቀቱን የሚሸከመው የቮላኖና የስፒንጂዲስኮ ብረት 8 ኪሎ ግራም ቢሆንና ወደ አየር የሚወጣው ባይቆጠር በአንድ ደቂቃ ብቻ ብረቱ በ125 ዲግሪ ያህል ይግላል። አስቀድሞ በሞተሩ አጠገብ ሞቆ 90 ዲግሪ የደረሰ ከሆነ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። ይህም አማካይ ነው፤ ሰበቃው ያለበት ገጽ ከዚህ የበለጠ ይግላል።

የተለመደው የዲስክ ሽፋን ከክሮች፣ ከመዳብ ሽቦና ከማጣበቂያ ሙጫ የሚሠራ ነው። ሙቀቱ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ሙጫው መሽተት ይጀምራል፤ የሰበቃውም መጠን ይወርዳል። ሰበቃው ሲወርድ መንሸራተቱ ይጨምራል፤ መንሸራተቱ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ሰበቃው እንደገና ይወርዳል። ወለድ በወለድ ላይ እንደሚወልድ ብድር አንዱ ሌላውን እያሳደገ ይሄዳል ማለት ነው። ጤነኛ የነበረ ፍሪሲዮን በአንድ ዳገት ላይ ሊቃጠል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ ካለፈም በኋላ ጠባሳው ይቀራል። የሽፋኑ ገጽ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። በብረቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦችና ጥቃቅን ስንጥቆች ይታያሉ። የስፒንጂዲስኮው ገጽ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚግል ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩን በሙሉ ገጹ ሳይሆን በከፊሉ ብቻ ይነካዋል። ለረጅም ጊዜ የጋለ ሞላም ጫናው ይደክማል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጫናው ከ4 ሺህ ወደ 2 ሺህ 800 ኒውተን ቢወርድ የፍሪሲዮኑ አቅም 139 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ መጠባበቂያ አልቋል ማለት ነው።

አዲስ አበባ የምትደብቀው ጉድለት

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች ብዙ የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከሙሉ ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 140 ኒውተን ሜትር ያመነጫል የተባለው ሞተር በአዲስ አበባ የሚሰጠው ወደ 112 ኒውተን ሜትር ነው።

አቅሙ ወደ 120 ኒውተን ሜትር የወረደ ያረጀ ፍሪሲዮን ስለዚህ በአዲስ አበባ ሲሞከር አይንሸራተትም። ገዢው ይረካል፤ ውሉም ይፈረማል። መኪናው ጭኖ ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል። ሞተሩም ጉልበቱን አግኝቶ ወደ 130 ኒውተን ሜትር ያመነጫል። ያን ጊዜ በከተማ ያልታየው መንሸራተት ብቅ ይላል። ባለንብረቱ ነዳጁን ወይም ሙቀቱን ይጠረጥራል፤ እውነቱ ግን ጉድለቱ ቀድሞም የነበረ መሆኑ ነው። ቱርቦ ባላቸው የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ልዩነት ይህን ያህል አይጎላም።

ከፍታው በሌላ በኩልም ይጎዳል። ሞተሩ ስለሚደክም ሾፌሩ ዳገት ላይ ለመነሣት ዙሩን ከፍ ያደርጋል። ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ከላይ እንደተገለጸው ሙቀቱ በእጥፍ ድርብ ያድጋል። እንግዲህ በደጋ ከተማ ፍሪሲዮን የሚጎዳው የሞተሩ ጉልበት በዝቶበት ሳይሆን ጉልበቱ አንሶ ዙሩ ስለሚበዛ ነው። ከጎሐ ጽዮንና ከደጀን መካከል ያለውን የዓባይ ሸለቆ የሚሻገሩ ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፣ በጠመዝማዛው ዳገት መካከል ቆሞ መነሣት ደግሞ ፍሪሲዮን ይፈትናል።

ሾፌሩ የማይጠየቅባቸው መንስኤዎች

ፍሪሲዮን በተንሸራተተ ቁጥር ሾፌሩን መክሰስ ትክክል አይደለም። ባለንብረቱ ደመወዝ ከመቁረጡ በፊት የሚከተሉትን ማስመርመር ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ዘይት ነው። ከሞተሩ ኋላ ወይም ከካምቢዮው ፊት ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት ይገባል። ዘይት የጠጣ ሽፋን ታጥቦ አይድንም፤ ጎማው ሳይቀየር አዲስ ዲስክ ማስገባትም ገንዘብን ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው የፔዳሉ ልል ጉዞ ነው። በገመድ በሚሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ፔዳሉ ጫና ሳይሰማው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መሄድ አለበት። ትክክለኛው መጠን በመኪናው መመሪያ ይገኛል። ሽፋኑ እያለቀ ሲሄድ ይህ ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ሬጂስፒንታው ሁልጊዜ ሞላውን እየገፋ ይኖራል፤ ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በከፊል የተረገጠ ይሆናል ማለት ነው። በቶሎ ከተደረሰበት ማስተካከያው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው በፈሳሽ በሚሠሩ ፍሪሲዮኖች ላይ የሚታይ ነው። በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መመለሻ ቀዳዳ ሲደፈን ግፊቱ አይለቅም፤ ውጤቱም ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

አራተኛው ያለፈው ጥገና ጥራት ነው። የተቦረቦረና የተጣመመ ቮላኖ ሳይስተካከል አዲስ ዲስክ ከተገጠመበት ሁለቱ በሙሉ ገጽ አይገናኙም። በጥቂት ቦታ ብቻ የሚነካ ዲስክ በዚያች ቦታ ይግላል።

የሾፌሩ ልማድ የሚያመጣውም አለ። እየነዱ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ቀላል ቢመስልም ጫናውን በመቀነስ ፍሪሲዮኑን ያደክማል፤ ሬጂስፒንታውንም ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

ከመግዛት በፊት እንዴት ይመረመራል?

መንሸራተት በመጀመሪያ የሚታየው በአንደኛ ማርሽ ሳይሆን በሦስተኛና በአራተኛ ነው። በአንደኛ ማርሽ መኪናው በቀላሉ ስለሚፈጥን ሞተሩ በፍሪሲዮኑ ላይ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ጊዜ አጭር ነው። በከፍተኛ ማርሽ ግን መኪናው ስለሚከብደው ሙሉ ጉልበቱ ለረጅም ጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ገዢው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ጭር ባለና በሚያወጣ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከጨመሩ ደኅና ነው። የሞተሩ ድምፅና የዙሩ ቆጣሪ ሲዘል ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል። ከላይ በተጠቀሰው የከፍታ ምክንያት በአዲስ አበባ የሚሞክር ሰው መኪናውን ባዶውን ባይሞክር ይመረጣል፤ ሦስት አራት ሰዎች ተሳፍረውበት ዳገት ላይ ቢፈትነው ይበልጥ ያስተማምናል።

ቆሞም መሞከር ይቻላል። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማው ላይ ታኮ ተደርጎ፣ ከፊት ለፊት ሰው አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ አራተኛ ማርሽ ይገባና ፍሪሲዮኑ በቀስታ ይለቀቃል። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ አልቋል። ይህ ሙከራ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር መደጋገም አይገባም።

ሻጩ «ፔዳሉን አስተካክለነዋል» ካለ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማስተካከል የሚያድነው ችግሩ የልል ጉዞ ማጣት ከነበረ ብቻ ነው። ያለቀ ሽፋን፣ የደከመ ሞላና ዘይት የነካው ዲስክ በማስተካከል አይድኑም። በተጨማሪም በፈሳሽ በሚሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የፔዳሉ ከፍታ ራሱን ስለሚያስተካክል የሽፋኑን ማለቅ አይናገርም።

ዲስክ ብቻ ወይስ ሙሉው?

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ጋራዡ ዲስክ ብቻ ቀየረም ሙሉውን ድካሙና የእጅ ዋጋው ያው ነው። መኪናው ከገበያ የሚቀርባቸውም ቀናት እንዲሁ። ይህን የዘነጋ ባለንብረት በመርካቶ ሶማሌ ተራ ዲስክ ብቻ ገዝቶ በመመለሱ የቆጠበ ይመስለዋል።

ስሌቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ይወሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ዲስኩ፣ ስፒንጂዲስኮውና ሬጂስፒንታው በአንድነት 30 ሺህ ብር፣ ዲስኩ ብቻ 12 ሺህ ብር፣ የእጅ ዋጋ 6 ሺህ ብር፣ መኪናው በመቆሙ የሚቀረው ገቢ በቀን 3 ሺህ ብር፣ ጥገናው ሦስት ቀን ይሁን። ሙሉው ሲቀየር ጠቅላላ ወጪው 45 ሺህ ብር ይሆናል። ዲስክ ብቻ ሲቀየር 27 ሺህ ብር ነው። ሙሉው ሦስት ዓመት ቢያገለግልና የደከመ ሞላ ላይ የተገጠመው ዲስክ በአንድ ዓመት ቢያልቅ የመጀመሪያው በዓመት 15 ሺህ ብር፣ ሁለተኛው 27 ሺህ ብር ያስወጣል። ዛሬ የተቆጠበው 18 ሺህ ብር ነገ በየዓመቱ 12 ሺህ ብር የሚያስከፍል ብድር ሆነ ማለት ነው።

እርግጥ ስፒንጂዲስኮው ተመርምሮ ያልጋለ፣ ያልተጣመመና ጫናው ያልወረደ መሆኑ ከታወቀ ዲስክ ብቻ መቀየር ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። የሚያስከስረው ምርመራውን ትቶ በዋጋ ብቻ መወሰን ነው። የተፈታ ዕቃ ሲገዛም ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ያለበትን ብረት መተው ነው።

ተንሸራቶ መንዳትም ነጻ አይደለም። ቮላኖው ከዲስኩ 10 በመቶ ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህሉ ጎማው ጋ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባለንብረቱ ከገዛው ነዳጅ አንድ ክፍል የገዛ ንብረቱን ማቃጠያ ሆነ ማለት ነው።

ጠንካራ ፍሪሲዮን መፍትሔ ነውን?

አንዳንድ ባለንብረቶች ጫናው የበረታ ስፒንጂዲስኮ ወይም ሽፋኑ ከብረታ ብረትና ከሴራሚክ የተሠራ ዲስክ በማስገባት ችግሩን ለመገላገል ያስባሉ። እነዚህ ሙቀትን ከተለመደው ሽፋን በተሻለ ይችላሉ። ነገር ግን ዋጋ አላቸው። ሲይዙ በድንገት ነው፤ መኪናው ይዘላል፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሾፌሩን ያደክማሉ። ከዚህም በላይ ፍሪሲዮን ተንሸራቶ የሚያሳልፈው ድንገተኛ ጫና ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ ዘንጎቹ ይተላለፋል። ርካሹን ዕቃ አድኖ ውዱን መስበር ሊሆን ይችላል። ለውድድር መኪና ተገቢ የሆነው ለታክሲ ተገቢ ላይሆን ይችላል።

ትርፍ የሚጭን ሰውም ጠንካራ ዲስክ ከመግዛቱ በፊት ትርፉን ራሱን ያስላ። በየጉዞው የሚያገኘውን ጭማሪ ገቢ ከፍሪሲዮኑ፣ ከጎማውና ከፍሬኑ ዕድሜ ጋር ሲያነጻጽረው ያተረፈ የመሰለው ሰው ዕዳ የገባ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ባለንብረቱ ምን ያድርግ?

ለሾፌሩ የሚሰጠው መመሪያ አጭር ነው። ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ መነሣት፤ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን መቆም፤ እግርን ከፔዳሉ ማንሣት፤ ዙሩን ሳያስጮሁ መልቀቅ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጭነቱን እየገፉ አለመቀጠል። ደልዳላ ቦታ ፈልጎ ቆሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ እግርን ከፔዳሉ አንሥቶ ሞተሩን በሚኒሞ መተው ይጠቅማል፤ ቮላኖው እየዞረ ራሱን ያናፍሳል። ብረቱ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ አይበቃም። አንዴ የሸተተ ፍሪሲዮን ከበረደ በኋላ መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ደጋግሞ የሸተተ ግን ጋራዥ መግባት አለበት።

ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አቧራውን በአየር ግፊት ማራገፍ አይገባም። የድሮ ሽፋኖች የሰው ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን ይገባባቸው ነበር፤ ያረጀው መኪና ምን እንደተገጠመለት ስለማይታወቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በአብዛኛው ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ሞተራቸው ከዜሮ ዙር ጀምሮ መሳብ ስለሚችል አያስፈልጋቸውም። በመንገድ ላይ ያሉት የእጅ ማርሽ ተሽከርካሪዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ሠርተው ባለንብረቶቻቸውን ማስተዳደር ይጠበቅባቸዋል። የሚነገረውም ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በጊዜ የተስተካከለ ፔዳልና በጊዜ የተቀየረ የዘይት መከላከያ ጎማ ካምቢዮ ከማውረድ ያድናሉ። መኪና የሚገዛም ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይውጣ፤ ሙከራው የሚፈጀው የጥቂት ብር ነዳጅ ነው።